ክልክሉ ከላይ ሲታይ

ሰውየው ማሰሪያውን በጭኗ ዙሪያ ሲያጠብቅ እንቁ ዓይኗን ከእጁ ላይ አልነቀለችም። የግራውን ዘለበት ገጠመና ሳበው፤ የቀኙንም እንደዚያው። ደረቷ ላይ ያለው ሲቀር እጁን ሰበሰበና፣ "ይሄን እርስዎ ይግጠሙት፣ እትዬ እንቁ" አላት። ገጠመችው። ፈታችው። መልሳ ገጠመችው።

"ተጠራጠሩት እንዴ?" አለ እየሳቀ።

"የራሴንማ አየሁት። አሁን አንተ የገጠምከውን ልይ" ብላ የግራና የቀኙን ዘለበት በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገች።

ከኋላቸው በሸንተረሩ ሣር ላይ ሰፊው ብርቱካናማ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ የሰውየው ጓደኛ ጎንበስ ብሎ ቀጫጭን ገመዶቹን እየለየ ያቃናል። በግራ በኩል የዘንገና ሐይቅ በዛፎቹ መሃል ጠቁሮ ተኝቷል። ከፊታቸው መሬቱ ቁልቁል ይወርድና ማሳው፣ ከማሳው ወዲያ ደግሞ የሰፈሩ የጋራ ግጦሽ ይጀምራል። ለማየት የወጡት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። እንቁ ከቀሚሷ ስር የልጇን የስፖርት ሱሪ ለብሳለች፤ ጎረቤቷ ደጊቱ ይህን ካየች ጀምሮ ማሾፏን አላቆመችም።

"እዚያ ላይ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባልሽን ካገኘሽው፣ ሱሪው የልጅሽ መሆኑን ቶሎ ንገሪው። ሌላ አግብታለች ብሎ እንዳይከፋው" አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። እንቁም ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን ወደ ሰውየው እጅ ተመለሰ።

ሰውነት ይባላል። ከባሕር ዳር በፒክአፕ መኪና የመጣ፣ ሠላሳዎቹን የጀመረ ቀጭን ሰው ነው። ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ጃንጥላ የሚለውን ነገር ይዞ ከሸንተረሩ ላይ ይነሣል፤ በሐይቁና በማሳው ላይ ይዞርና ያርፋል። ለጎብኚ ነው ይላል። ጥር ላይ ለፈረስ በዓሉ እንጅባራ በሰው ስትሞላ፣ ፈረሱን ያየ እንግዳ ወደዚህ ወጥቶ ይብረር፣ ለሰፈሩም ገቢ ይሆናል ይላል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከጋራው ግጦሽ ላይኛው ጫፍ ማረፊያ የምትሆን ቦታ ይፍቀዱልኝ ነው ጥያቄው።

ይህን ሲል ነበር ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቆመው። የማያርስ፣ የማይነግድ ሰው፣ ሰማይ ላይ ወጥቶ የሰው መሬት ቁልቁል እያየ የሚዞር ምን ፈልጎ ነው? በሌላ ቀበሌ ለጥናት ነው ብለው የገቡ ሰዎች ነበሩ፤ ከጥናቱ በኋላ አጥር መጣ። ግጦሹ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚነካ አይደለም። ከሰኔ ጀምሮ እስከ ኅዳር ሚካኤል ክልክል ነው፤ የሰፈሩ ሰው በቃል ኪዳን ዘግቶት ማንም ከብቱን ይዞ አይገባም፣ ሣር አያጭድም፣ አቋርጦ እንኳ አያልፍም። ከተመረጠው ጠባቂ በቀር እግር አይረግጠውም። ሲከፈት መጀመሪያ ፈረሶቹ ይገባሉ፣ ቀጥሎ በሬዎቹ፣ ከዚያ ላሞቹ። መሬት የሌለው ሰው እንኳ በክልክሉ አንዲት ላም ያኖራል። እንቁም የምታልባትን ላም ያቆየችው በእሱ ነው።

የክልክሉ ጠባቂ የእንቁ ታላቅ ወንድም ይሄነው ነው። ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ያለ ክፍያ፣ በዝናብና በብርድ ይጠብቃል ተብሎ ይመሰገናል፤ ዘንድሮም የመረጡት በአንድ ድምፅ ነበር።

ስለ ሰውነት ጉዳይ ሽማግሌዎቹ በሚካኤል ቅጥር ሥር ሲቀመጡ ከሁሉ አብዝቶ የተናገረው ይሄነው ነው። የሚናገሩት በአገውኛ ስለነበር ሰውነት ፈንጠር ብሎ ተቀምጦ፣ ስሙ በተነሣ ቁጥር ፈገግ ይላል። ይሄነው ሰውየው ከነጨርቁ ይባረር አለ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ባንተአምላክ ግን ሳያዩ መፍረድ የማይወዱ ሰው ናቸውና፣ ከእኛ አንዱ አብሮት ይውጣ፣ ምን እንደሚያይ፣ የት የት እንደሚዞር አይቶ ይንገረን አሉ። ይሄነው ያን ጊዜ ተነሥቶ እኔ እወጣለሁ አለ። ነገሩ ለሰውነት በአማርኛ ሲነገረው ይሄነውን ከላይ እስከ ታች አየውና፣ የሰሞኑ ነፋስ ደካማ ነው፣ ከባድ ሰው አያነሣልኝም ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ይሄነው ትከሻው ሰፊ፣ ቦርጩም የሚታይ ነው። ሰው ሳቀ። እሱ ግን ሳይስቅ፣ "እንግዲያው እህቴ ትውጣ" አለ።

ሁሉም ወደዱት። እንቁ ቀጭን ናት፤ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ አባል ናት፤ ዓይኗም ይታወቃል። ከማዶ የቆመ በግ የማን ቤት እንደሆነ የምትለይ፣ የታመመውን ከጤነኛው ሳይቀርቡት የምታውቅ ሴት ናት። ሽማግሌዎቹ የሰውነትን ስልክ ተቀብለው ያስቀምጡ ያለውም ይሄነው ነው፤ ፎቶ እንዳያነሣ። ሰውነት ሳይከራከር ሰጠ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሸንተረሩ ሲወጡ ይሄነው ከጎኗ እየተራመደ መክሯታል።

"ወደ ታች አትይ፤ ያዞርሻል። የሰውየውን እጅ ብቻ እይ" አላት።

"እሺ።"

"ወደ ታችኛው ክልክል ከወሰደሽ ደግሞ አመመኝ በዪና ይመልስሽ። እዚያ ጋ ነፋሱ ክፉ ነው ይላሉ።"

"ማን ይላል፣ አያ?"

"ይላሉ።" ጥቂት ሄደና ጨመረ፤ "ሰኞ በሬዎቹን አመጣልሻለሁ። የድንቹ መሬት እርጥበቱ ሳያመልጥ ይታረስልሽ።"

ባሏ ከሞተ ጀምሮ የእንቁን መሬት የሚያርሰው ይሄነው ነው። በሬ የላትም። ሌላ ሰው ቢያርስላት የምርቱን እኩሌታ ይወስዳል፤ በቀረው ደግሞ እሷና እንጅባራ ኮሌጅ የምትማረው ልጇ ክረምቱን አይገፉም። የዘር ድንቹ ጎታው ሥር አቆጥቁጦ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ወንድሟ የሚላትን መስማት ለምዳለች።

አሁን ሰውነት ከኋላዋ ራሱን ከእሷ ጋር አያያዘ። "ሩጡ ስል ይሮጣሉ። መሬቱ ከእግርዎ ቢጠፋም አያቁሙ። እንዳይቀመጡ" አላት።

"ብቀመጥስ?"

"አብረን በቂጣችን እንንሸራተታለን።"

ነፋሱ ከታች ሽው ብሎ መጣ። ሩጡ አለ። እንቁ ሮጠች። አንድ ነገር ትከሻዋን ወደኋላ ጎተታት፣ ከዚያ ወደ ላይ፣ ከዚያ እግሯ የሚረግጠው አጣ። እሱ አያቁሙ ስላላት ባዶውን አየር እየረገጠች መሮጧን ቀጠለች። የደጊቱ እልልታ ከኋላ መጣና ወዲያው ከበታቿ ሆነ።

"አሁን ማቆም ይችላሉ" አለ ሰውነት በጆሮዋ አጠገብ።

አቆመች። የገመዶቹ ፉጨት ብቻ ይሰማል። ሞተር የለ፣ የሚጎትት የለ። እጆቿ ማሰሪያውን እንደጨበጡ ናቸው። ይሄነው እንዳላት አንገቷን መልሳ የሰውነትን እጅ ፈለገች፤ በሁለት እጁ ሁለት ገመዶች ይዟል፣ የግራውን ሲስብ ወደ ግራ ይዞራሉ፣ የቀኙን ሲስብ ወደ ቀኝ። ሌላ የሚነካው ነገር የለም። ደረቱ ላይ ያሰራት ትንሽ ሳጥን ግን ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረች።

"ይቺ ምን እያለች ነው?"

"ከፍ ስንል ትጮሃለች። ዝቅ ስንል ያማታል።"

"መሬት ትለካለች?"

"ከፍታ ብቻ፣ እትዬ።"

ቃሉን አልተቀበለችውም፤ አልጣለችውምም። ሳጥኗ ስትጮህ ሐይቁን አየች፤ እያነሰ ነበር። ዝም ስትል አየች፤ መጠኑ አልተለወጠም። ድምፅዋ ወፍሮ ማቃሰት ስትጀምር ደግሞ የዛፎቹ ጫፍ ሲቀርብ አየች። ደጋግማ ይህን ካረጋገጠች በኋላ ሳጥኗን ተወቻት።

"ፎቶ የምታነሣው ለማን ነው?" አለችው።

ሰውነት የግራውን ገመድ ያለ ምክንያት ሳብ አድርጎ ለቀቀው። ከኋላዋ ስለሆነ ፊቱን ማየት አልቻለችም፤ ገመዱን ግን አየችው።

"ለራሴ ማስታወቂያ" አለ። "አንድ ሎጅ ልሠራ የሚል ሰውም የሐይቁን ዳርቻ ከላይ አንሥተህ አሳየኝ ብሎኛል።"

"ሰጠኸው?"

"ገና። ስለ እናንተ ግጦሽ ግን ማንም አልጠየቀኝም።"

"ይህን ለሽማግሌዎቹ አልነገርክም።"

"አልጠየቁኝማ።"

አንድ ነገር አገኘሁ አለች በልቧ። የተላከችበት ይኸው ነው። ይህን ብቻ ይዛ ብትወርድ ሰውነት ዛሬውኑ ጨርቁን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ሁሉም በደንብ አየሽ ይሏታል።

ሰውነት የቀኙን ገመድ ሳበ። አንድ ጉብታ አልፈው ወደ ታችኛው ክልክል ማዘንበል ጀመሩ።

"ወደዚያ ለምን?" አለች ድንገት።

"ከዛፎቹ ጠርዝ ሞቅ ያለ አየር ይነሣል። እሱ ካላነሣን ቶሎ እናርፋለን። ካልፈለጉ ልመለስ።"

አመመኝ ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ይላሉ ያለው የወንድሟ ድምፅ መጣባት። ማን ይላል ብላው ነበር፤ አልመለሰላትም። አፏን ዘጋችና ወደ ታች አየች።

አላዞራትም። መጀመሪያ የቤቷን ቆርቆሮ ለየች፣ ከዚያ ከቤቷ ወደ ምንጩ የሚወርደውን የእግር መንገድ። መንገዱን በዓይኗ ተከትላ የይሄነውን የዲከረንስ ዛፍ ተክል አገኘችው። ሰው ሁሉ ለከሰል ዲከረንስ ይተክላል፤ የአዲስ ቅዳም ከተማ ነጋዴ ከነመኪናው መጥቶ ይጭነዋል። የይሄነው ተክል በመንገዱ ዳር እንደ ግድግዳ የቆመ ነው። ስታልፍ ስታገድም ያየችው እሱን ግድግዳ ነው፤ ይሄነው ጠባቂ ከሆነ ወዲህ ከጀርባው ያለውን አላየችም። ከጀርባው ቦይ አለ፤ ቦዩ የክልክሉ ወሰን ነው። ከቦዩ ወዲያ፣ እሷ እንደምታውቀው፣ ዛፍ የለም፣ ከአንዲት አሮጌ ብሳና በቀር።

ቦዩን ፈለገችው። አገኘችው፤ በሁለት አረንጓዴ መሃል እንደ ቀጭን ጥቁር ክር ተጋድሟል። ከወዲህ ያለው አረንጓዴ ጥቁር ነው፤ ያደገው ዲከረንስ። ከወዲያ ያለው ፈዛዛ ነው፣ ግን ሣር አይደለም። ሣር በመስመር አይበቅልም። ይህ በመስመር ቆሟል።

የሌላ ሰው ተክል ይሆናል ብላ ዓይኗን ወደ ማዶ ላከች። በማዶ ሰው የለም፤ ገደል ነው። ብሳናዋን ፈለገቻት። ሜዳው መሃል ብቻዋን ትቆም የነበረችው ብሳና፣ ክብ ራሷ ብቻ ከለጋዎቹ ዲከረንሶች በላይ ወጥቶ፣ ዙሪያዋን ተከባለች። ከእሷ አልፎ ደግሞ ገና የጉልበት ቁመት ያለው ሌላ ተክል አለ። ከእሱም አልፎ አፈሩ በቅርብ ተቆፍሮ ቀይ ሆኗል። ሰው እርምጃ በእርምጃ እንደሚገፋው፣ በየዓመቱ አንድ እርከን።

ረግረጉን አስታወሰች። ታችኛው ክልክል ረግረግ ሆኗል፣ አልቅት ገብቶበታል፣ የጠጣ ከብት ሁሉ አፍንጫው ይደማል ብሎ ለሰፈሩ የተናገረው ይሄነው ነው። ስለዚህ ያ ጎን ከኅዳር ሚካኤልም በኋላ ተዘግቶ ይረፍ ተባለ፤ ጠባቂው ተናግሯልና ማንም አልጠየቀም። ከላይ ስታየው ረግረጉ ከአንድ አውድማ የማይበልጥ የውሃ ብልጭታ ነው። የቀረው ደረቅ መሬት ነው። የደጊቱ ባዝራ አምና ስትታመም፣ ከታች አልቅት ይዟት ነው ብላ ለደጊቱ የነገረቻት ደግሞ እንቁ ራሷ ናት። በምንጩ ላይ ለሴቶቹ ሁሉ፣ ልጆቻችሁ ከብቱን ወደዚያ እንዳይነዱ እያለች ያደረሰችው እሷ ናት።

"መልሰህ አዙረኝ" አለች።

"አልፈሩም?"

"በዚያ በለጋው ዛፍ ላይ አንድ ጊዜ አዙረኝ።"

ሰውነት አዞራት። ዓይኔ ተሳስቶ እንደሆነ ብላ ከቦዩ ጀምራ እንደገና አየች። ቦዩ፣ ለጋው ተክል፣ ብሳናዋ፣ የጉልበቱ ተክል፣ ቀዩ አፈር። አልተሳሳተም።

"እዚህ ላይ ከዚህ በፊት በረሃል?"

"ባለፈው ሳምንት፣ ብቻዬን። አንድ ትልቅ ሰውዬ ከዛፎቹ መሃል ወጥቶ ድንጋይ ወረወረብኝ" አለ እየሳቀ። "አሞራ መሰልኩት መሰለኝ። ዶማ ይዞ ነበር።"

እንቁ አልሳቀችም። ይሄነው ሰውየው ይባረር ማለት የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። እስከዚያ ድረስ፣ ጃንጥላውን ሲያይ እንደማንም ሰው ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐይቁንም ሸንተረሩንም አላየችም። እህቴ ትውጣ ያለበትን ሰዓት ነበር የምታየው። ሰው ሁሉ ለዓይኗ ነው ብሎ ነበር፤ እሷም ለዓይኔ ነው ብላ ደስ ብሏት ነበር። ይሄነው የመረጣት ግን በሬዎቹን አስቦ ነው። ብታይም እንደማትናገር አስልቶ ነው የላካት።

በታጨደ የገብስ ማሳ ላይ አረፉ። እግርዎን ያንሡ አላት፣ ከዚያ ይቁሙ አላት፤ ቆመች። ጨርቁ ከኋላቸው ቀስ ብሎ ወደቀ። ሰውነት ከማሰሪያው ሁሉ ፈታትና ጨርቁን ሊሰበስብ ሄደ። እንቁ ገለባው ላይ ተቀመጠች።

ሰው ከሸንተረሩ እየወረደ ነበር። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ይሄነው ነው። ያ ሁሉ ክብደቱ እያለ ሮጦ ነው የመጣው፤ ላቡ በጉንጩ ይወርዳል። አጠገቧ ተንበረከከና በአገውኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት።

"ወዴት ወዴት ወሰደሽ?"

ሰውየው ምን አደረገ አላለም። ደህና ነሽ ወይ አላለም።

"ብዙ ቦታ" አለችው።

"ታች ድረስ?"

እንቁ ፊቱን አየች። የአባቷ ፊት ነው፤ ባሏን ሲቀብሩ አጠገቧ የቆመው ፊት ነው። ዓይኑ ግን በዓይኗ ላይ እየተመላለሰ አንድ ነገር ይፈልግ ነበር፤ ያገኘውም መሰለው።

"ሰውየው ደህና ሰው አይደለም፣ አይደል?" አለ ቶሎ ቶሎ። "አይተሻል። የሚያሳስብ ነገር እንዳለ ንገሪያቸው፣ ይበቃል። ሌላውን ሌላ ቀን እንነጋገራለን፣ እኔና አንቺ።" ትከሻዋን ያዝ አደረገ። "እስከ ሰኞ ምን አስጠበቀኝ። ነገ በሬዎቹን ይዤ እመጣለሁ። ከእኔ መሬት በፊት ያንቺን ነው የማርሰው።"

ሽማግሌዎቹ ማሳው ጫፍ ደርሰዋል። ጋሽ ባንተአምላክ በዱላቸው ገለባውን እየፈተሹ ከፊት ይመጣሉ፤ ደጊቱና ሴቶቹ ከኋላቸው ናቸው። እንቁ የምትናገረው ተዘጋጅቶላታል። ሎጅ የሚል ሰው አለ ብትል ውሸት አይደለም። የሰሙት ሁሉ ወደ ሰውነት ይዞራሉ፤ ወደ ታችኛው ክልክል የሚዞር አይኖርም። የድንቹ መሬት ይታረሳል፤ ልጇም ስንቋን ይዛ ወደ ኮሌጇ ትመለሳለች። በሚመጣው ዓመት ቀዩ አፈር አንድ እርከን ይገፋል።

ከወንድሟ እጅ ትከሻዋን አስለቀቀችና ተነሣች።

"አያ" አለችው፤ "ነገ አትምጣ።"

ይሄነው እንደተንበረከከ ቀረ። ሌላ ነገር ሊል ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን ደርሰው ነበር።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ በደህና ወረድሽ" አሉ ጋሽ ባንተአምላክ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና ለመቀመጥ ደህና ቦታ በዓይናቸው ፈለጉ። "በይ እንግዲህ ንገሪን። ሰውየው ምን ሲሠራ አየሽው?"

"ስለ እሱም የምነግርዎ አለኝ፣ ጋሽ ባንተአምላክ። እሱ ይቆየን" አለች እንቁ። "አሁን አይቀመጡ። ሳይመሽ ታችኛው ክልክል እንውረድ።"